ጅማ ላይ እርከን ከመሥራታችሁ በፊት የውሃውን መውጫ ሥሩ

ሐምሌ ላይ የጅማውን የአዌቱን ወንዝ አይታችሁታል? ቀይ ነው። ያ ቀለም የላይኛው አፈር ነው፤ ፍግ የተበተነበት፣ ማዳበሪያ የተገዛለት፣ በቆሎ ሊበቅልበት የታሰበው። በቀርሳና በኦሞ ናዳ በኩል የሚወርደው ደግሞ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ መብራት ወደሚያመነጨው ወደ ግልገል ጊቤ ግድብ ይገባል። ግድቡ ደለሉን አይፈልገውም። ገበሬው ግን አፈሩን ይፈልገዋል።

ስለ እርከን የሚሰጠው ምክር አብዛኛው የተቀመረው ዝናብ ለሚያጥርበት አገር ነው። ትግራይና ወሎ ላይ እርከን የሚሠራው ውሃ ለመያዝ ነው። ጅማ ዙሪያ ግን በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይዘንባል። እዚህ ዙሪያውን የተዘጋ እርከን ከሠራችሁ ሰኔ ላይ ይሞላል። በቆሎው ሥሩ ውሃ ውስጥ ቆሞ ቢጫ ይሆናል። ሐምሌ ላይ እርከኑ ይፈነዳል፤ ሲፈነዳ ደግሞ ከታች ያሉትን ጠራርጎ ነው የሚሄደው። ከዚያ ባለማሳው «እርከን ነው የጎዳን» ብሎ ያፈርሰዋል። እኔ አልፈርድበትም።

ስለዚህ ጅማ ላይ ሥራው ውሃውን ቀስ አድርጎ በመረጥንለት መንገድ ማስወጣት ነው። ቅደም ተከተሉም ከዚህ ይመጣል፦ መጀመሪያ መውጫ፣ ቀጥሎ ከላይ የሚመጣውን ጎርፍ መቀልበሻ፣ ከዚያ እርከን፣ መጨረሻ ላይ ሳር። ቁፋሮው ጥርና የካቲት ላይ ማለቅ አለበት። መጋቢት ከገባ ዝናቡ አይጠብቃችሁም።

ማሳውን በዝናብ ውስጥ ዙሩት

ይህን ሰው ይዘለዋል። ጃንጥላ ያዙና ከባድ ዝናብ ሲጥል ማሳው ውስጥ ግቡ። ውሃው በየት ገባ? የት ተሰበሰበ? በየት ወጣ? ሦስቱን ቦታ በካስማ ምልክት አድርጉ። ብዙ ጊዜ ትልቁ ጎርፍ የሚመጣው ከራሳችሁ መሬት ሳይሆን ከላይ ካለው መንገድ፣ ከግጦሽ ወይም ከባሕር ዛፍ ሥር ነው። እርሱን ሳትቀለብሱ ማሳው ውስጥ አሥር እርከን ብትሠሩ ድካም ነው።

በጋ ላይ ከሆናችሁ መሬቱ ራሱ ይነግራችኋል። የቡናው ሥር ተራቁቷል? ጠጠሩ ከዓመት ዓመት እየወጣ ነው? የታችኛው አጥር ሥር ደለል ተከምሯል? ማሳው መሀል እንደ ጣት የቀጠኑ ቦዮች አሉ? እነዚህ ትንንሽ ቦዮች በማረሻ ስለሚጠፉ ሰው ይንቃቸዋል። በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ቦታ ላይ ሰፍተው ይመለሳሉ።

ተዳፋቱን ለኩ

መሣሪያው ርካሽ ነው። 10 ሜትር የማይለጠጥ ሲባጎ፣ እኩል ቁመት ያላቸው ሁለት ቀጥ ያሉ እንጨቶች (1.5 ሜትር ይበቃል)፣ እና ግንበኞች ክር ላይ የሚያንጠለጥሏት ትንሿ የውሃ ልክ። እንጨቶቹ ላይ በየ5 ሳንቲ ሜትሩ ምልክት አድርጉ። ሦስት ሰው ያስፈልጋል፤ ሁለቱ እንጨት ይይዛሉ፣ አንዱ መሀል ቆሞ አረፋዋን ያያል። በዓይኑ የሚተማመን ልጅ ካለ መሀል እርሱ ይቁም።

ላይኛው ሰው ሲባጎውን ከእንጨቱ ግርጌ ያስይዛል። ታችኛው ሰው 10 ሜትር ቁልቁል ይሄድና አረፋዋ መሀል እስክትገባ ሲባጎውን በእንጨቱ ላይ ወደ ላይ ያነሳል። ሲባጎው 1 ሜትር ላይ ከቆመ ተዳፋቱ 10 በመቶ ነው። 1.5 ሜትር ላይ ከቆመ 15 በመቶ። ከእንጨቱ ቁመት በላይ ካስኬደው ሲባጎውን 5 ሜትር አድርጋችሁ ለኩና ያገኛችሁትን በሁለት አባዙ። ሦስት አራት ቦታ ለኩ፤ የጅማ ኮረብታ አናቱና ወገቡ አንድ ዓይነት አይደለም።

ቁጥሩ ምን ይላል? ከ3 በመቶ በታች ከሆነ እርከን አያስፈልግም፤ አግድም ማረስና የሳር መስመር ይበቃል። ከ3 እስከ 15 ያለው የአፈር እርከን ቦታ ነው። ከዚያ በላይ እርከኑ መቀራረብ አለበት። ከ30 ካለፈ ግን በቆሎና ጤፉን ተዉት። በ1997 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅም ከ31 እስከ 60 በመቶ ባለ ተዳፋት ላይ ዓመታዊ ሰብል የሚፈቀደው ጠረጴዛማ እርከን (ተዳፋቱን እንደ ደረጃ ጠፍጣፋ የሚያደርግ) ከተሠራ ብቻ እንደሆነ፣ ከ60 በላይ ያለው ደግሞ ለዛፍ፣ ለቋሚ ተክልና ለመኖ እንዲሆን ደንግጎ ነበር። ጅማ ላይ ይህ ቅጣት አይደለም። ጥላ ያለው ቡና ለዚህ ዓይነት መሬት ከበቆሎ የተሻለ ገንዘብ ያመጣል።

መውጫው

እዚህ ላይ ረጋ በሉ፤ ከቁፋሮው ሁሉ ጠብ የሚያመጣው ይሄ ነው።

በተፈጥሮ ጎድጎድ ያለ፣ ሳር የለበሰ፣ ውሃ ሁልጊዜ የሚወርድበት ቦታ ካላችሁ እርሱን እንዳትዘነጉት፣ በማረሻም እንዳትነኩት። መውጫችሁ እርሱ ነው። ከሌላችሁ መሥራት አለባችሁ፤ ሲሠራ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ይሁን። ጠባብና ጥልቅ ቦይ ቁልቁል ከተቆፈረ በሁለት ክረምት ቦረቦር ይሆናል። 2 ሜትር ስፋትና 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው፣ ግርጌው እንደ ትሪ የተዘረጋ ቦይ ለአንድ ቤተሰብ ማሳ ጥሩ መነሻ ነው። ወለሉ ላይ ሰርዶ ትከሉበት። ሰርዶን ማሳ ውስጥ እንረግመዋለን፤ እዚህ ግን ባለውለታ ነው። ተዳፋቱ ከባድ ከሆነ በየተወሰነ ርቀት ድንጋይ ደርድራችሁ ደረጃ አብጁለት።

መውጫው ሳር ሳይለብስ እርከኖቹን አትክፈቱበት። የሚቻል ከሆነ መውጫው ዘንድሮ፣ እርከኑ በሚቀጥለው ዓመት።

አሁን ጎረቤት። ውሃው የእናንተን ድንበር ሲያልፍ የሆነ ሰው መሬት ላይ ነው የሚያርፈው። ተሰብስቦ በአንድ ጉሮሮ ሲወርድ ደግሞ ተበትኖ ከሚወርደው ይበልጥ ይጎዳል። ስለዚህ ካስማ ሳትተክሉ በፊት ከታች ያለውን ሰው ቡና ጠርታችሁ አነጋግሩት። «ኦቦ፣ ውሃው በድንበራችን ቢወርድ፣ ቦዩን ከላይ እኔ ብቆፍር፣ ከታች እርስዎ ቢቀጥሉት ምን ይመስልዎታል?» ማለት አንድ ነገር ነው፤ ሐምሌ ላይ በቆሎው ተወስዶበት ሲመጣ መልስ መስጠት ሌላ። እሺ ካለ በደቦ አብራችሁ ቆፍሩት፤ እምቢ ካለ ሽማግሌ ይግባበት። የቀበሌው የግብርና ባለሙያም ቢገኝ ጥሩ ነው፤ በጥር የተፋሰስ ዘመቻ ወቅት ከሆነ ደግሞ የመንደሩን ጉልበት ማግኘት ይቻላል። ያለ ስምምነት ግን አንድ አካፋ አፈር እንዳታነሱ።

መቀልበሻ ቦይ

ከላይ ከመንገድ ወይም ከግጦሽ ጎርፍ የሚመጣባችሁ ከሆነ በማሳው ራስ ላይ አግድም ቦይ ቆፍሩ። ጥልቀቱ 50 ሳንቲ ሜትር፣ አፉ ሰፋ ያለ፣ ጎኖቹ ጋደል ያሉ። የወጣውን አፈር ወደ ታች በኩል ከምራችሁ ጠቅጥቁት። ወደ መውጫው በ10 ሜትር ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ዝቅ ይበል። ከዚህ በላይ ከወረደ ቦዩ ራሱ ይሸረሸራል፤ ካልወረደ ይደፈናል። አለካኩ ከእርከኑ ጋር አንድ ነው፤ ቀጥሎ አለ።

እርከኑን ማስመር

በሁለት እርከን መሀል ያለው የከፍታ ልዩነት ከ1 እስከ 2 ሜትር ይሁን። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የከፍታውን ልዩነት በ100 አባዝታችሁ ለተዳፋቱ አካፍሉ። 10 በመቶ ተዳፋት ላይ 1.5 ሜትር ከመረጣችሁ እርከኖቹ በ15 ሜትር ይራራቃሉ። 20 በመቶ ላይ 2 ሜትር ከመረጣችሁ በ10 ሜትር። ከላይ ጀምራችሁ ወደ ታች ውረዱ።

አሁን ዋናው ነገር። ሲባጎውን በአንዱ እንጨት ላይ 100 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ፣ በሌላው ላይ 105 ላይ እሰሩት። ባለ 105ቱ እንጨት ሁልጊዜ ወደ መውጫው በኩል ይቁም። አረፋዋ መሀል ስትገባ ባለ 105ቱ የቆመበት መሬት 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ያለ ነው ማለት ነው። በ10 ሜትር 5 ሳንቲ ሜትር፣ ግማሽ በመቶ መሆኑ ነው። ውሃው ይሄዳል፣ አፈር ለመንጠቅ ግን ፍጥነት አያገኝም። በዝናብ አጠር አገር ሁለቱም እንጨት ላይ እኩል ነው የሚታሰረው። ከሌላ ቦታ የመጣ ባለሙያ እኩል አድርጎ ሲያስርላችሁ ካያችሁ በትሕትና ጠይቁት።

በየ10 ሜትሩ ካስማ ትከሉ። መስመሩ እንደ እባብ ይጠማዘዛል፤ አትደንግጡ። ለማረስ እንዲመች ካስማዎቹን ጥቂት ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ገፋ አድርጋችሁ አለስልሱት፤ በጣም ካቃናችሁት ግን ልኬቱ ይበላሻል። አንድ መስመር ከ100 ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። ረጅም እርከን ብዙ ውሃ ይሰበስባል፣ ጫፉ ላይ ጉልበት ያገኛል። መሬታችሁ ሰፊ ከሆነ ከመሀል ከፍላችሁ ግማሹን ወደ ግራ፣ ግማሹን ወደ ቀኝ አስወጡት።

ቁፋሮ

ካስማውን ተከትላችሁ 60 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 50 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ቆፍሩ። አፈሩን ወደ ታች በኩል ክመሩ። በቦዩና በክምሩ መሀል 20 ሳንቲ ሜትር ያልተነካ መሬት ተዉ፤ ካልሆነ ክምሩ ተመልሶ ቦዩ ውስጥ ይናዳል። ክምሩ ግርጌው 1 ሜትር፣ አናቱ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ ከተጠቀጠቀ በኋላ ከ50 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ከቦዩ የወጣው አፈር ካልበቃ ቦዩን ከላይ በኩል ትንሽ ሰፋ አድርጉት።

መጠቅጠቅ ላይ አትለግሙ። አንድ ስንዝር ያህል ከከመራችሁ በኋላ በእግር ርገጡት፣ ከዚያ ቀጣዩን ደርቡ። መጨረሻ ላይ ብቻ ከላይ የተረገጠ እርከን ውስጡ ልል ነው፤ የመጀመሪያው ዶፍ ውስጡን ቀዳዳ ያበጅለታል። አናቱም ከዳር እስከ ዳር እኩል ይሁን። አንድ ቦታ አንድ ስንዝር ዝቅ ካለ ውሃው በዚያ ነው የሚያልፈው።

ለበሬ መተላለፊያ ብላችሁ እርከኑን መሀል ላይ አትክፈቱት። ከመውጫው ተቃራኒ ያለው ከፍ ያለው ጫፍ ላይ ሁለት ሜትር ያህል ተዉለት። እዚያ ውሃ አይከማችም።

ፋንያ ጁ የሚባለው ከኬንያ የመጣው ዓይነትም አለ። አፈሩ ወደ ላይ ይጣላል፣ ቦዩ ከታች ይቀራል። መሬቱ ቶሎ ጠረጴዛማ ይሆናል። የጅማ ቀይ አፈር ጥልቅ ስለሆነ ይስማማዋል፤ ግን አፈር ወደ ላይ መወርወር ወገብ ይፈልጋል። ጉልበት ላለው።

ሳሩ

እዚህ ላይ ስለ መሬት መጥበብ በግልጽ እንነጋገር። ክምሩ 1 ሜትር፣ ቦዩ 60፣ መሀል የቀረው 20 ሳንቲ ሜትር፤ ሲደመር 1.8 ሜትር። በ15 ሜትር አንድ እርከን ካለ ከማሳው ከአሥር አንዱ ትንሽ ከፍ ያለ ይሄዳል። ሁለት ጥማድ ላለው ሰው ይሄ ቀልድ አይደለም። እርከን ባዶውን ከቆመ አይጥ ያረባል፣ አረም ያበቅላል፣ መሬት ይበላል። ስለዚህ ክምሩ ራሱ ማምረት አለበት።

ላም ካላችሁ ደሾ ትከሉ። ከጋሞ ከጨንቻ አካባቢ የታወቀ የአገራችን ሳር ነው፤ ከብት ይወደዋል፣ እየታጨደ ያቆጠቁጣል። ላም ከሌላችሁ ቬቲቨር። ጅማ ለቬቲቨር እንግዳ አይደለችም፤ መልኮ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ይህን ሳር ወደ አገራችን በማስገባት ቀዳሚ ነው። ሥሩ ወደ ጎን ብዙ ሳይሄድ ቁልቁል እስከ 3 ሜትር ይወርዳል፣ ስለዚህ ከበቆሎው ጋር ብዙ አይሻማም። ዘር አይበትንም፣ ማሳ አይወርም። ቅጠሉ ለቤት ክዳን፣ ለቡና ሥር ጉዝጓዝ፣ ቡና ሲፈላም ወለል ላይ ለመጎዝጎዝ ይሆናል። ዝሆኔ ሳርም ጥሩ መኖ ነው፤ ሆኖም ስግብግብ ስለሆነ ሰብል አጠገብ ሳይሆን ድንበር ላይ ይሁን።

አተካከሉ እንዲህ ነው። የሳሩን ቁጥቋጦ ከነሥሩ ነቅላችሁ እያንዳንዱ ሁለት ሦስት ቅርንጫፍ እንዲኖረው አድርጋችሁ ክፈሉት። ቅጠሉን በ20 ሳንቲ ሜትር፣ ሥሩን በ10 ቁረጡ። ለቬቲቨር በችግኝ መሀል ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር። ሰው ለመቆጠብ ሲል በ30 ይተክላል፤ ውሃው ደግሞ በመሀል ይሾልካል። ወቅቱ ሰኔና ሐምሌ መጀመሪያ ነው። ችግኙ በተነቀለበት ቀን ይተከል፤ ካልተቻለ ሥሩ በእርጥብ ጆንያ ይጠቅለል። የሞተውን ነሐሴ ላይ ተኩ። ሥር ከያዘ በኋላ እያጨዳችሁ በ40 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ያዙት፤ ሲታጨድ ነው ጥቅጥቅ የሚለው።

የመጀመሪያው ዓመት ጠላቱ ልቅ ግጦሽ ነው። ሰብል ከተነሳ በኋላ ከብት ማሳ ላይ መልቀቅ ልማድ ነው። የእርከን አናት ላይ የተራመደ አንድ መንጋ የጥርን ሥራ በአንድ ከሰዓት ያፈርሰዋል። ሳሩን አጭዶ ቤት ማብላት ይሻላል፤ ከጎረቤት ጋር መስማማትን ደግሞ እንደገና ይጠይቃል።

አስተራረስ

እርከን ኖሮም ቁልቁል ከታረሰ በእርከኖች መሀል ያለው አፈር ይሄዳል። በማረሻ አንዴ አግድም፣ አንዴ ቁልቁል መሄድ የተለመደ ነው፤ ቢያንስ የመጨረሻው ዕርሻ አግድም ይሁን። ጤፍ ማሳ ላይ ፈሰስ (የውሃ ማፍሰሻ ትልም) የምታወጡ ከሆነ ወደ መውጫው አጋድማችሁ አውጡት። ቁልቁል የተሰነጠቀ ፈሰስ የቦረቦር ጽንስ ነው።

በቆሎ ውስጥ ቦሎቄ ዝሩበት፤ መሬቱን ቶሎ ይሸፍናል። አገዳውን ሁሉ ለማገዶና ለከብት አትውሰዱት፤ ከፊሉ መሬት ላይ ይቅር።

ቡና ማሳ ላይ ነገሩ የተለየ ነው። እዚያ መከላከያው ጥላውና ወለሉ ላይ ያለው ቅጠል ነው። ዋንዛውንና ሳሳውን አትጨርሱት። በክረምት አረሙን በዶማ አትቆፍሩ፤ በገጀራ ወይም በማጭድ ቁረጡና እዚያው ተዉት። ለአዲስ ችግኝ ከታች በኩል የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ትንሽ ክምር አብጁለት። ጫት ደግሞ ተዳፋት ላይ ከተተከለ መደዳው አግድም ይሁን። ወለሉ ጥርት ብሎ የተኮተኮተ፣ መደዳው ቁልቁል የወረደ ጫት ለዓይን ያምራል፤ አፈሩን ግን እንደ አሸንዳ ነው የሚያወርደው።

ቦረቦር ከተከፈተ

ከላይ ያለውን ጎርፍ ሳትቀለብሱ ቦረቦር ውስጥ ክትር (ውሃውን የሚገታ ትንሽ ግድብ) አትሥሩ። ከቀለበሳችሁ በኋላ ከላይ ጀምራችሁ ወደ ታች ሥሩ። ድንጋይ ካለ በድንጋይ፣ ከሌለ በእንጨትና በቅርንጫፍ ወይም አፈር በተሞላ ጆንያ። ቁመቱ ከ1 ሜትር አይብለጥ። ሁለቱ ጫፎች ግማሽ ሜትር ያህል ግድግዳው ውስጥ ይግቡ፤ ካልገቡ ውሃው በጎን ዞሮ ይሸረሽራል። መሀሉ ከዳሮቹ ዝቅ ይበል፣ ውሃው በመሀል ይለፍ። ሲዘልል የሚያርፍበት ቦታ ላይ ድንጋይ አንጥፉ። ርቀታቸውን ለማወቅ በውሃ ልኳ ለኩ፤ የላይኛው ክትር እግርና የታችኛው ክትር አናት እኩል መሆን አለባቸው። ደለል ሲሞላ ዝሆኔ ሳርና ሰስፓንያ የሚባለውን የመኖ ዛፍ ትከሉበት።

ከዝናብ በኋላ

የመጀመሪያው ትልቅ ዝናብ እንዳቆመ አካፋ ይዛችሁ ውጡ። ቦዩ የተደፈነበትን ክፈቱ፣ ክምሩ የተናደበትን በዚያው ቀን ጠግኑ። ከቦዩ የሚወጣውን ደለል ክምሩ ዝቅ ካለበት ላይ ጨምሩ፤ የተረፈውን ወደ ላይኛው ማሳ መልሱት፣ የሰባ አፈር ነው። ጥቅምት ላይ ዝናቡ ሲቀንስ መስመሩን አንዴ ዙሩና ሳር የሌለበትን ክፍተት በካስማ ምልክት አድርጉ። ለሚቀጥለው ሰኔ የሚተከለው ከዚያው ካላችሁ ሳር ተከፍሎ ይወጣል፤ ችግኝ መግዛት አያስፈልግም።